ቆጮ ይሸታል ለምትሉ

ፈረንሳዮች በምግባቸው አያፍሩም። የወላይታዋ የቦዲቲ ልጅ ሆኜ ሊዮን ከተማ ከእነሱ ጋር ስኖር ከኑሯቸው ሁሉ ያስቀናኝ ይኸው ነው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሥራው ቀጥ ይላል። ሰው ተቀምጦ ይበላል፤ ከዋናው ምግብ ቀጥሎ አይብ ይቀርባል፤ የሚቸኩል የለም። የሥራ ሕጋቸው ሳይቀር ሠራተኛው እዚያው ሥራ በሚሠራበት ቦታ ምሳውን እንዲበላ አሠሪው እንዳይፈቅድ በመሠረቱ ይደነግጋል። በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ ደግሞ ባህላዊ ተብሎ የሚሸጠው ዳቦ ምንም ማሻሻያ ኬሚካል አይገባበትም። ገበያ ወጥተህ አይብ ሻጩን ብትጠይቀው የየትኛው ተራራ ከብት ወተት እንደሆነ ያስረዳሃል። ከኋላህ የተሰለፈው ሰውም አያጉረመርምም፤ እንዲያውም የራሱን ሐሳብ ይጨምርበታል።

ከአይቦቻቸው አንዱ ሮክፎር ነው። በበግ ወተት ይሠራል፣ ሆን ተብሎ ሻጋታ ይገባበታል፣ ሮክፎር ሱር ሱልዞን በምትባል መንደር ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ይበስላል። ሲቆረጥ ሰማያዊ ሻጋታው ይታያል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ፈረንሳይ በዚህ ሽታ አላፈረችም፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣችለት። በዚያ ዋሻ ያልበሰለ አይብ በሮክፎር ስም አይሸጥም።

የቦዲቲ እናት እንሰቱን ነቅላ ትፍቃለች፣ ጉድጓድ ምሳ በቅጠሉ ታለብሳለች፣ ፍቁን ቀብራ ለወራት ታብላላዋለች፤ ቆጮ የሚሆነው እንዲህ ነው። መቼ እንደሚገለበጥ፣ መቼ እንደበሰለ በእጇና በአፍንጫዋ ታውቃለች። ይህ እውቀት ከዋሻው ባለሙያ እውቀት በምን ያንሳል? እኛ ግን ለሷ ያወጣንላት ስድብ ነው። አዲስ አበባ ስማር አንድ የወላይታ ልጅ እናቱ ቋጥራ የላከችለትን ቆጮ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያስወጡበት አይቻለሁ። እነዚያው ልጆች ገንዘብ ሲያገኙ ክትፎ ቤት ገብተው ያንኑ ቆጮ በውድ ዋጋ ይበላሉ፤ ሲያልቅም «ጨምርልን» ይላሉ። ሀብታም ሲበላው ባህል፣ ድሃ ሲበላው ሽታ! ይህን ንቀት አልታገሥም።

ንቀቱ ከውጭ ብቻ ቢመጣ ባልከፋ። ወላይታ ውስጥም ለእንግዳ እንጀራ ማቅረብን ሥልጣኔ፣ ቆጮ ማቅረብን ድህነት የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። ሃያ ሚሊዮን የሚሆን ኢትዮጵያዊ የሚኖረው በእንሰት ነው። ዝናብ ሲቀር በቆሎው ይደርቃል፤ እንሰት ቆሞ ይጠብቃል። እሱን ግን የአጠውልግ በሽታ እየፈጀው፣ መሬቱም እየጠበበ፣ ጓሮው እየሳሳ ነው። የተናቀ ተክል ተቆርቋሪ የለውም፤ ለዚህ ነው ንቀቱን እንደ ቀላል ነገር የማላየው።

ፈረንሳይን ቅድስት አላደርጋትም። ብሬታኝ ውስጥ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ስለተናገሩ ብቻ ትምህርት ቤት ይቀጡ፣ ይዋረዱ ነበር። በዚህስ እኛ እንበልጣለን። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ የሚባል ድብልቅ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣብን ወላይታ አደባባይ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉ ተመለሰ። ለቋንቋው ደሙን ያፈሰሰ ሕዝብ እናቱ የሠራችውን ምግብ ከእንግዳ ሲደብቅ ማየት ያመኛል።

ስም ማስከበር አያቅተንም። አገራችን ኢትዮጵያ ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋጨፌ ቡና ስም ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 እ.ኤ.አ. ተስማምታለች። ቡናው ለውጭ ገበያ ስለሆነ ተሟገትን፤ ቆጮው የራሳችን ሆድ ስለሆነ ተውነው?

እንግዲህ የቦዲቲ ሰዎች፣ ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር። የአካባቢያችን የዳሞት ጋሌ ቆጮ በስሙ ይመዝገብ። የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት ቆጮ ሲያቀርብ ከየት አካባቢ እንደመጣ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። የግብርና ባለሙያው ለምርጥ ዘር በቆሎ የሚሮጠውን ያህል ለአጠውልግ በሽታም ይሩጥ። እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ተደራጅተው ዋጋውን ራሳቸው ይቁረጡ፤ ነጋዴው ውድ ነው ካለ ሄዶ ራሱ ይፋቅ።