ማሽኑ በድርቀት እንዳይሞት

መኸር ሲደርስ የአርሶ አደሩ ዓይን ከማሳውና ከሰማዩ አይነቀልም። ሰብሉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማው ተለቅልቆ ሳለ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ የዓመት ልፋትን በአንድ ሌሊት ሊያበላሽ እንደሚችል ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መውቂያ ማሽንና ኮምባይነር በየአካባቢው በእጅጉ ተፈላጊ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። በበሬ ሲያበራዩት ቀናት የሚፈጀው ክምር በማሽን በሰዓታት ያልቃል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ነው። ተራ ተይዞለት ከአውድማ ወደ አውድማ ሲዞር የነበረ መውቂያ በሥራው መካከል መጮህ ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጨሳል፤ ከዚያም ይቆማል። ሲፈቱት አንድ ኩሽኔታ ደርቆ ተቃጥሏል፤ ዘንጉንም በልቶታል። መለዋወጫው ከዞን ከተማ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ተራ የሚጠብቁ አባወራዎች ሰማይ ሰማይ እያዩ ይቀመጣሉ። “ማሽኑ አረጀ” ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ አላረጀም፤ ቅባት አጥቶ ደረቀ እንጂ።

የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ፣ የመስኖ ልማቱም እየሰፋ ከመጣ ጀምሮ በገጠሩ የሚታየው የሞተር ብዛት ጨምሯል። በፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት የሚያለሙ አርሶ አደሮች የውኃ ፓምፕን እንደ ሞፈርና ቀንበር ቤተኛ አድርገውታል። ወፍጮ ቤት የሌለበት ቀበሌም ጥቂት ነው። በመሆኑም የማሽን ቅባት ጉዳይ የጋራዥ ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። የምርት ጉዳይ ነው።

የሚሽከረከር ዘንግና የሚሸከመው ኩሽኔታ በቀጥታ እንዳይነካኩ የሚያደርገው በመካከላቸው ያለው ስስ የዘይት ወይም የግራሶ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ብረት ብረትን ይበላል፤ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ የቀረውን ቅባት ያቀልጠዋል፤ ጥፋቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይፋጠናል። በአውድማ ላይ ደግሞ አደጋው በማሽኑ ብቻ አይወሰንም። የጋለ ኩሽኔታ በደረቅ ገለባና በእብቅ ተከቦ ሲሠራ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠፋው ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ክምሩም ጭምር ነው።

ብዙ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ወቀሳው የሚያርፈው በማሽን አንቀሳቃሹ ወጣት ወይም በአርሶ አደሩ ላይ ነው። “አይንከባከቡትም” ይባላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ እንክብካቤን የሚያመች ሆኖ ተሠርቷል ወይ የሚለው ነው። በአንዳንድ መውቂያዎች ላይ የዘይት መግቢያው ክዳን የሌለው ባዶ ቀዳዳ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሥራ እብቅና አቧራ ይደፍነዋል። በሌሎቹ ደግሞ የግራሶ መግቢያው ከሽፋን ጀርባ ተደብቋል፤ ለመድረስ አራት ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ከበላዩ ቆሞ እያለ በየቀኑ አራት ብሎን የሚፈታ አንቀሳቃሽ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዘይት ይኑር አይኑር የሚያሳይ ነገር ከሌለ ደግሞ ሰው የሚያውቀው ማሽኑ ሲጮህ፣ ማለትም ከዘገየ በኋላ ነው።

ይህ ችግር በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ የባቡር ሞተሮች ዘይት ለመቀባት በየጊዜው መቆም ነበረባቸው። ዘይት የሚቀባው ሠራተኛ ወርዶ በየመገጣጠሚያው በእጁ እያፈሰሰ ያልፍ ነበር። ኤላይጃ ማኮይ ይህን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው ነው። ወላጆቹ በአሜሪካ ከኬንታኪ የባርነት ቀንበር አምልጠው ወደ ካናዳ የተሰደዱ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ እርሱም በዚያው በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1844 ተወለደ። በስኮትላንድ የምሕንድስና ትምህርት ተምሮ ሲመለስ ግን በቀለሙ ምክንያት የመሐንዲስነት ሥራ ተነፍጎት በሚችጋን የባቡር ድርጅት ውስጥ እሳት አንዳጅና ዘይት ቀቢ ሆኖ ተቀጠረ። በ1872 በእንፋሎቱ ግፊት እየታገዘ ሞተሩን የሚቀባ የተሻሻለ የዘይት ኩባያ ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ባቡሩን በየመንገዱ ማስቆም ሳያስፈልግ ዘይት ለሞተሩ የሚደርስበትን መንገድ ካሻሻሉት ሰዎች አንዱ ለመሆንም በቃ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። መፍትሔው የተገኘው ዘይት ቀቢውን በመገሠጽ አልነበረም፤ ዕቃውን በማሻሻል ነው። ያሻሻለውም ሥራውን በእጁ የሚያውቀው ሰው ነው።

በክልላችን መውቂያ፣ መፈልፈያና ሌሎች አነስተኛ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚያመርቱ ኢንተርፕራይዞችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ የሚገኙት የእርሻ ሜካናይዜሽን የምርምር ማዕከላትም የመሣሪያ ንድፍ ሥራ ይሠራሉ። እነዚህ አካላት በዘይት ኩባያ ላይ የሚያደርጉት ማሻሻያ ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ ቶርኖና ብየዳ ያለው ማንኛውም ወርክሾፕ ሊሠራው ይችላል።

በመጀመሪያ ክዳን ያስፈልጋል። በሞላ የሚዘጋ ትንሽ ክዳን እብቅና አቧራ እንዳይገባ ያደርጋል። ክዳን የሌለው የዘይት ቀዳዳ ከዘይት ይልቅ አሸዋ ያጠጣል። ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ ዘይት ደግሞ እንደ ሞረድ ብረቱን ይፍቃል።

ሁለተኛው መታየት ነው። ኩባያው የሚያሳይ መስታወት ካለው አንቀሳቃሹ ማሽኑን ሳያስቆምና ሳይፈታ ከሩቅ ዘይቱ የት እንደደረሰ ያያል። መስታወቱ በሽቦ ወይም በቀጭን ቆርቆሮ ከተከለለ በመንገድ መናወጥ በቀላሉ አይሰበርም።

ሦስተኛው መመጠን ነው። በጫፉ መርፌ መሰል ብሎን ያለው ማንጠባጠቢያ ኩባያ ዘይቱን በጠብታ እየቆጠረ ይሰጣል፤ ሥራ ሲቆም ደግሞ ይዘጋል። ይህን መሥራት ለሚከብደው ወርክሾፕ ቀለል ያለ መንገድ አለ። ኩራዝ ጋዙን በክር እንደሚስብ ሁሉ፣ ከሱፍ የተሠራ ክር ከኩባያው ውስጥ ዘይት እየሳበ ወደ ኩሽኔታው በቀስታ ያወርዳል፤ ቆሻሻውንም ያጣራል። ጉድለቱ ማሽኑ ቆሞም ቢሆን ክሩ መሳቡን አለማቋረጡ ነው። ስለሆነም ሥራ ሲያበቃ ክሩን ማውጣት ያስፈልጋል።

አራተኛው በቀላሉ መደረስ ነው። የተደበቀውን የቅባት መግቢያ በቀጭን ቱቦ ከሽፋኑ ውጭ ማውጣትና ዙሪያውን ቀይ ቀለም መቀባት ብቻውን ብዙ ማሽኖችን ያድናል። የሚታይ ነገር ይታወሳል፤ ቅርብ የሆነ ነገር ይሠራል።

አምስተኛው ከእህሉ መንገድ መራቅ ነው። ኩባያው የሚያንጠባጥበው ወደ ጤፉ ወይም ወደ ዱቄቱ መሆን የለበትም። የሞተር ዘይት የነካው እህል ለሰው ምግብ አይሆንም፤ ገበያም ላይ ዋጋ ያጣል። ከኩባያው ሥር ትርፉን የሚይዝ ትንሽ ሳህን መበየድ በቂ ነው።

ዝግ ብለው በሚዞሩ፣ ከባድ ሸክም በሚሸከሙና አቧራ በሚበዛባቸው ቦታዎች ደግሞ ከዘይት ይልቅ ግራሶ ይመረጣል። ግራሶ በኩሽኔታው አፍ ላይ ተቀምጦ አቧራ እንዳይገባ እንደ አጥር ያገለግላል። ግራሶ የተሞላ፣ ክዳኑ በጥርስ የሚጠብቅ ኩባያ ቢገጠምለት ክዳኑን ጥቂት ማዞር ብቻ ቅባቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ግራሶ መምቻ በሌለበት ቀበሌ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይህን ስንል ጥሩ ኩባያ የሰውን እጅ ይተካል ማለታችን አይደለም። ኩባያውን የሚሞላው ሰው ነው። አርሶ አደሮቻችንና አንቀሳቃሾች ሊይዟቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች አሉ። ግራሶም ሆነ ዘይት የሚሰጠው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘንጉ መዞሩን ሲያቆም ነው፤ ቺንጋና ዘንግ እየዞሩ እጅ ማስገባት ጣትን ያስከፍላል። ግራሶ ከመስጠት በፊት መግቢያው በጨርቅ ይጠረግ፤ አለዚያ የተጠራቀመው ቆሻሻ ከቅባቱ ጋር ይገባል። ከልክ በላይ የተሞላ ኩሽኔታም ይግላል፤ መዝጊያውንም ይቀዳል። የተለያየ ዓይነት ግራሶ መቀላቀል አይገባም፤ አንዱ ሌላውን ሊያቀጥነው ይችላልና። ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት ለኩሽኔታ አይሆንም፤ በውስጡ የብረት ብናኝና የቃጠሎ ዝቃጭ ስላለበት ያጠፋል እንጂ አያድንም።

ለብዙ ትራክተሮች የዕለት ቅባት የሚያስፈልጋቸው ቦታዎች በየ10 የሥራ ሰዓቱ ግራሶ እንዲያገኙ መመሪያዎቻቸው ያዝዛሉ። ለውኃ ፓምፕ የሚያገለግሉ የብዙ አነስተኛ የቤንዚን ሞተሮች መመሪያ ደግሞ አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 20 የሥራ ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ዘይቱ እንዲቀየር ይላል። አቧራ በበዛበት ቦታ ከዚህም ቀደም ማለት ይገባል። የዘይቱ መጠን የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ በደልዳላ መሬት ላይ ሲቀመጥ ነው። በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ አዘንብለው የሚያሠሩት ፓምፕ ዘይት እያለው ዘይት ሊያጣ እንደሚችል ብዙዎች አያስተውሉትም።

ከአርሶ አደሩ ድርሻ በላይ ግን የአመራሩ ድርሻ ይበልጣል። ወረዳዎች ሪፖርት ሲያደርጉ ስንት ፓምፕና ስንት መውቂያ እንደተሰራጨ ይናገራሉ። ከተሰራጩት ውስጥ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ስንቱ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የቆመ ማሽን በሪፖርት ውስጥ ቁጥር ነው፤ በአርሶ አደሩ ደጃፍ ግን ዕዳ ነው፤ በተለይ በብድር የተገዛ ከሆነ። በመሆኑም የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከሥርጭት ቁጥር ጎን ለጎን በሥራ ላይ ያሉትን ማሽኖች ቁጥር በየመኸሩ መመዝገብና ለግምገማ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል።

ግዥ የሚፈጽሙ አካላትም በርክክብ ጊዜ ቀለሙንና ጎማውን ብቻ ማየት የለባቸውም። የቅባት መግቢያዎቹ ስንት ናቸው? ክዳን አላቸው? በቀላሉ ይደረስባቸዋል? የአማርኛ መመሪያና ግራሶ መምቻ አብሮ ተረክቧል? እነዚህ ጥያቄዎች በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አስቀድመው ከተጻፉ አምራቹም አስመጪውም ራሱን ያስተካክላል። ማሻሻያው የማሽኑን ዋጋ ያስወድዳል የሚል ሥጋት ሊነሳ ይችላል። ክዳን፣ ቱቦና ሳህን ግን ከወርክሾፕ ትርፍራፊ ብረት የሚወጡ ናቸው። የአንድ ኩሽኔታና የአንድ ዘንግ ዋጋ፣ ከዚያም በላይ በዝናብ የተበላሸ ክምር ዋጋ ሲታሰብ ወጪው ከቁጥር አይገባም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚያቀርቡበት መጋዘን ግራሶና የሞተር ዘይት ቢያቀርቡ አርሶ አደሩ ለአንድ ጣሳ ቅባት የአንድ ቀን መንገድ አይሄድም። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ስለ ኩታ ገጠም ማሳና ስለ አረም እንደሚያስተምሩ ሁሉ ማሽን ወደ አውድማ ከመውጣቱ በፊት የአንድ ቀን የቅባት ሥልጠና በአቅራቢያው ካለ ኮሌጅ መምህር ጋር ሊያዘጋጁ ይችላሉ።

አርሶ አደራችን በሬውን ሳያበላ አይጠምድም። ጠፍሩ ሲደርቅ ያለሰልሰዋል፤ ማረሻው ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይወስደዋል። ይህ ልማድ ከእርሱ ጋር የኖረ ነው። ማሽኑም ያው በሬ ነው፤ መኖው ነዳጅ፣ ውኃው ቅባት ነው። የጎደለው እንክብካቤውን የሚያቀል ንድፍ፣ በቅርብ የሚገኝ አቅርቦትና የሚከታተል አመራር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። መኸሩ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ በእጁ ያሉትን ማሽኖች ከመጋዘን አውጥቶ የቅባት መግቢያቸውን ይጥረግ፤ ክዳን የሌላቸውን ይክደን፤ የተደበቁትን ያውጣ። ይህ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሥራ ነው። ውጤቱ ግን ዝናብ ሳይቀድመው ጎተራ የገባ እህል ነው።