ሳተላይቱ ይፋግንም ያያል፤ የጎደለው ካርታው ነው

ከፍራንክፈርት ተነስቶ ሮም ድረስ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ዛሬ መንገድ ጠያቂ አይደለም። ስልኩን ከመሪው አጠገብ ይሰካል፣ የሚሄድበትን ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ የታዘዘውን መታጠፍ ነው። የትኛው መንገድ እንደተጨናነቀ፣ የቱ እንደሚያስከፍል፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ቀድሞ ይነገረዋል። ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ድንበር ለተሻገረ ስልክ ተጨማሪ ሂሳብ መጠየቅ ቀርቷል። የኅብረቱ አባል ያልሆነችውን ስዊዘርላንድን የሚያቋርጥ ጠንቃቃ ሾፌር ግን ሂሳቡ እንዳይንርበት ካርታውን ገና ከቤቱ ሳይወጣ ያወርዳል።

ይኸው ሰው አገሩ ገብቶ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲነዳ፣ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደርስ ይፋግን ያገኛል። በድሮው የሲራራ ንግድ ዘመን ነጋዴ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ስልኩ የቆመበትን ቦታ ሳይሳሳት ያሳየዋል። የአክስቱን ቤት ግን አያውቀውም፤ ስለዚህ ይደውላል።

«እትዬ፣ ይፋግ ገብቻለሁ። ቤቱ በየት በኩል ነው?»

«ከቤተክርስቲያኑ ወረድ በል ልጄ፣ ወፍጮ ቤቱን ስታልፍ ግራህን ያዝ። ልጁን መንገድ ላይ አቁሜልሃለሁ።»

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ጂፒኤስ እኛ አገር አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ስህተት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ አውሮፓንና አፍሪካን አይለዩም። ስልኩ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቱ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ፣ ያለበትን ያውቃል። አሜሪካ ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባ የነበረውን በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ስላቆመች፣ ሰማዩ ባልተጋረደበት ቦታ ተራ ስልክ የሚስተው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። በይፋግ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሰማይ የሚጋርድ ፎቅ የለበትም። ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት የሚፈለገው ካርታውን ለማምጣት ነው።

ልዩነቱ ያለው ካርታው ላይ ነው። ካርታ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው መንገዱን ለክቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ መዝግቦ የሚያስቀምጠው ሥራ ነው። አውሮፓውያን ለዘመናት ሠርተውበታል፤ አብዛኛው ቤት የጎዳና ስምና ቁጥር አለው። እንዲያም ሆኖ ማሽኑን በጭፍን ያመነ ይስታል። በ2009 እ.ኤ.አ. ካፕሪ ደሴትን ሊጎበኙ የተነሡ ስዊድናውያን ባልና ሚስት ሁለት ፊደል አቀያይረው ጽፈው፣ ሰሜን ጣሊያን ካርፒ የምትባል ከተማ ገብተው ደሴቱን ሲያፈላልጉ ተገኝተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራስልስ ባቡር ጣቢያ እንግዳ ልትቀበል የወጣች ቤልጂየማዊት ክሮኤሺያ፣ ዛግሬብ ድረስ ነድታለች።

ይፋግም ለዚህ ዓይነቱ ስህተት የተመቸች ናት። ስሟን በላቲን ፊደል አንዱ በ«ዋይ»፣ ሌላው በ«አይ» ይጀምረዋል። ሁለቱንም የማያውቅ እንግዳ ፈልጎ ቢያጣት አይገርምም።

አካባቢው ግን ለካርታ ሥራ እንግዳ አይደለም። ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የየቦታውን ስም ከአገሬው እየጠየቀ፣ ከተራራ ተራራ በመሣሪያ እየለካ ሰፊ ካርታ አዘጋጅቷል። ኋላም ኢትዮጵያ የራሷን ዝርዝር ካርታዎች አሳትማለች። እነዚህ የኋለኞቹ ካርታዎች የተሠሩት ጂፒኤስ በማይጠቀምበት የልኬት መነሻ በመሆኑ፣ ነጥብ አንብቦ ሳያስተካክል ወደ ስልኩ የሚያስገባ ሰው ወደ 200 ሜትር ገደማ ይስታል። ቤት ለሚፈልግ ሰው 200 ሜትር ሌላ ሰፈር ነው።

ስልኩ ጨርሶ የማያውቃቸው ነገሮችም አሉ። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ወረዳዎች ሲያጥለቀልቁ፣ የገበያ ቀን መንገዱ በከብትና በሰው ሲሞላ፣ ኬላ ላይ ተሽከርካሪ ሲቆም፣ እሱ የተለመደውን ደቂቃ መቁጠሩን ይቀጥላል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ካርታ አስቀድሞ ያላወረደ ስልክ ባዶ ሰሌዳ ነበር። መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ የሚያውቀው ከወዲያ የመጣ ሾፌር ነው። በዚህ ደጋ አገር ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። አፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ይዘው በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እየተሻገሩ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር።

«ሰው እያለ ስልክ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ቀን ላይ፣ ለእንግዳ ጥያቄ፣ እውነት አላቸው። ምጥ የያዛትን እናት ሊያመጣ ሌሊት የወጣ አምቡላንስ ግን መንገድ ዳር የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ቀበሌውን፣ መገንጠያውንና የውሃ መሻገሪያውን ካርታው ላይ ካላገኘ የሚባክነው የእናቲቱ ጊዜ ነው። የካርታው ጉዳይ ከጎብኚ ምቾት በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ካርታውን መሙላት ደግሞ የመንግሥት በጀት የግድ አይጠብቅም። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ሰው መንገድና ስም እንዲጨምርበት ክፍት ነው፤ ስሙን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ የተጻፈውን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎችም በነጻ ይገኛሉ።

ስለዚህ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ የዕረፍት ወቅት ወደ ደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ቢያሰማራ፣ የከተማ ማዘጋጃ ቤቶችም የሰፈርና የመንገድ ስሞቻቸውን ለይተው ይፋ ቢያደርጉ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ድልድይና መገንጠያ በአጭር ጊዜ ይመዘገባሉ። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም ያለውን መረጃ ቢያካፍል ሥራው ይፈጥናል። እስከዚያው ወደዚህ መስመር የሚነዳ ሰው ካርታውን ባሕር ዳር ላይ ያውርድ፤ ወረታ መገንጠያ ሲደርስ ደግሞ ከአዲስ ዘመን ወይም ከደብረ ታቦር የመጣ ሾፌር ፈልጎ መንገዱ እንዴት እንደዋለ ይጠይቅ።