ባለቤቱ ሲመጣ ቦታ መልቀቅ

የራዲዮ ሞገድ እንደ እርሻ መሬት የማይሰፋ ሀብት መሆኑን ልብ ብለው ያውቃሉን? ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሞገድ ቢናገሩ አንዱ የሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ መንግሥታት ለጦር ኃይላቸው ድርሻ ከልለው ያስቀምጣሉ። ነገር ግን የጦር መርከብ ሁልጊዜ በአንድ ባሕር ዳር አይቆምም፤ እርሱ በሌለበት ጊዜ ሞገዱ ጦም ያድራል።

በአሜሪካ ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርዝ ባለው ክፍል ውስጥ የባሕር ኃይል ራዳር ይሠራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን ይህ ሞገድ በሦስት ደረጃ እንዲካፈል ደነገገ። በፊተኛው ደረጃ የባሕር ኃይልና ሌሎች የቀድሞ ባለመብቶች ናቸው፤ በሁለተኛው በጨረታ ፈቃድ የገዙ፤ በሦስተኛው የተረፈውን ያለ ጨረታ የሚሠሩበት ናቸው። በ2020 የተደረገው ጨረታ ከ4.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል።

አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በባሕር ዳር የተተከሉ መሣሪያዎች የመርከብ ራዳር ሲሰሙ ለኮምፒዩተር ያስታውቃሉ። ኮምፒዩተሩም በአካባቢው ያሉትን ጣቢያዎች በ5 ደቂቃ ውስጥ ዝም ያሰኛቸዋል፤ አለዚያም ወደ ሌላ ሞገድ ያዛውራቸዋል።

ችግር የለበትም አይባልም፤ አድማጩ መሣሪያ ጸጥታ ስለሚሻ ጎረቤት ጣቢያዎች ኃይላቸውን ለመቀነስ ይገደዳሉ። ይሁን እንጂ ለብቻ ይዞ ጦም ከማሳደር ሥርዓት አበጅቶ መካፈል ይሻላል። ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ መገናኛ ያገኛሉ፤ መርከቡም ዓይኑን አያጣም። መካፈሉ የሚጸናው ግን ባለቤቱ ሲመጣ እንግዳው ሳይከራከር ሲነሣ ብቻ ነው።