ደሩራ ለቤተ መንግሥት፣ ቢላዋ ለረሃብተኛ

ሸሪዓን የሚያውቅና በሸሪዓ የሚነግድ ለየቅል ናቸው። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጎረቤታችን ሱዳን አለችልን።

ጃፋር ኒሜሪ በመስከረም 1983 (ዘመኑ በፈረንጆች ነው) ሸሪዓ አወጅኩ አለ። ከሶርቦን በሕግ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙት ሐሰን አል-ቱራቢና ድርጅታቸው “እሰየው!” ብለው ከጎኑ ቆሙ። ካርቱም ውስጥ ኮበር እስር ቤት፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ፣ የሌባ እጅ ይቆረጥ ጀመር። መቼ? በ1984ና በ85 የአገሪቱ ሕዝብ በረሃብ እየረገፈ!

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኸሊፋው ዑመር በረሃብ ዘመን እጅ መቁረጥን እንዳቆሙ ማንም ደረሳ ያውቃል። የተራበ ሰው የሚሰርቀው ቸግሮት እንጂ ወዶ አይደለማ! የሃይማኖቱ ሊቃውንት ይህን መሰሉን “ደሩራ” ይሉታል፤ ግድ ሲሆን ክልክሉ ይፈቀዳል ማለት ነው። ታዲያ ዶክተሩ ይህ ጠፍቷቸው ነው? ኧረ ወዲያ! ነጋሪም አላጡ። ሽማግሌው ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ “ይህ ሕግ እስልምናን ያጣምማል” የሚል ወረቀት ስላስበተኑ ጥር 18 ቀን 1985 ኮበር ውስጥ ተሰቀሉ። በጊዜው የወንጀል ሕግ ሃይማኖት መካድ የሚል አንቀጽ እንኳ አልነበረም፤ ይግባኝ ሰሚው ከራሱ ጨመረበት። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። ለማን ሊሆን?

ደሩራውንማ ለራሳቸው ሲሆን አሳምረው ያውቁታል። በሰኔ 1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ ቱራቢም እንደ ሌሎቹ ፖለቲከኞች ታሰሩ ተባለ። ለካስ ማታለያ ኖሯል! “አንተ ወደ ቤተ መንግሥት፣ እኔ ወደ ወህኒ” ብለው ከአል-በሺር ጋር እንደተስማሙ ኋላ ራሳቸው አወሩት። ውሸቱ ተፈቀደ ማለት ነው። ወለድ ሐራም ነው ብለው ባንኩን ሁሉ ሲያምሱ ኖረው፣ መንግሥት ከውጭ በወለድ መበደር ሲያምረው ደግሞ ፓርላማቸው “ደሩራ ነው” ብሎ አጸደቀ።

በ2014 የባሰው መጣ። የካርቱም ክልል ገዥ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች የመንግሥት ገንዘብ በልተው ተያዙ። እጃቸው ተቆረጠ? ምን በወጣው! “ተሐሉል” ተባለላቸው፤ የወሰዱትን መልሰው ከበደሉ ነጻ መሆን ማለት ነው። መልሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያ በረሃቡ ዓመት ኮበር ላይ እጁን ያጣውን፣ የሰረቅኸውን መልስና ሂድ ያለው ማን ነበር?