በተቃውሞ የተሰናበተ ሠራተኛና የወገኑ ፍርድ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይም በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ፣ የአሠሪውን ድርጊት በመቃወሙ ከሥራ ስለተባረረ ሰው የሚሰጠው ፍርድ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሰናበቱትን፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የሚገኙባቸውን 42 መምህራን በአክብሮት ያነሣል፤ በፓርኪንግ ወይም በኤርፖርት አብሮት የሚሠራ ወገኑ «የትርፍ ሰዓታችን ተቆረጠ» ብሎ ከአለቃው ጋር ተሟግቶ ሲባረር ግን «አርፎ እንጀራውን አይበላም ነበር?» ይላል። ይህ ሁለተኛው ፍርድ ሕግ ለተባረረው የሰጠውን ከለላ መልሶ የሚነጥቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ፍርዱ የተወለደበት ፍርሃት ምክንያት አለው። የቤት ኪራይ፣ የእቁብ መዋጮና ወደ ሀገር ቤት የሚላከው ገንዘብ በአንድ ደመወዝ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ከዚህም በላይ ብዙው ሰው ያደገው መንግሥት ዋነኛ ቀጣሪ በሆነበት ሀገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡበት ወቅት፣ ተማሪዎች ከኤርትራ ሪፈረንደም ጋር በተያያዘ ያደረጉት የተቃውሞ ሰልፍ በጥይት በተበተነ በጥቂት ወራት ውስጥ የስንብት ደብዳቤ የደረሳቸው መምህራን፣ በሀገሪቱ የሚቀጥራቸው የግል ዩኒቨርሲቲ አልነበረምና፣ ብዙዎቹ ከደመወዛቸው ጋር የማስተማር ሙያቸውንም አጡ።

የአሜሪካ ሕግ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ አለው። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ አሠሪ በመርህ ደረጃ ያለ ምክንያት ማሰናበት ቢችልም፣ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ በጋራ ድምፃቸውን ያሰሙትን ማባረር ይከለክላል። ብዙ ሰው ይህ ጥበቃ ለዩኒየን አባላት ብቻ ይመስለዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው ባልቲሞር፣ በጥር 1959 ብርዱ በከፋበት ቀን የፋብሪካው ማሞቂያ ተበላሽቶ ሥራ ጥለው የወጡ ሰባት ሠራተኞች ዩኒየን አልነበራቸውም፤ ኩባንያው ያለ ፈቃድ ወጡ ብሎ ቢያሰናብታቸውም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 ፈረደላቸው።

ከለላው ሰፊ ክፍተት አለው፤ በራሱ እንደሚሠራ ተቋራጭ የሚቆጠር የታክሲ ሹፌርና በግለሰብ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው አይሸፈኑም። አቤቱታው በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከሚከፈለው ውዝፍ ደመወዝም ሠራተኛው በመካከሉ ሌላ ቦታ ያገኘው ይቀነሳል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው የጋራን ጥያቄ መሆኑ ነው፤ ለራሱ ብቻ የሚያጉረመርም ሰው ከለላው አያገኘውም፤ አቤቱታውም ያየና የሰማ ምስክር ይፈልጋል። የሥራ ባልደረቦቹ «ጥጋብ ነው» ብለው ሲሸሹት፣ ጉዳዩን የሚያቆምለትን ማስረጃ ይዘውበት ይሄዳሉ።

ይህ ዓይነቱ ፍርድ የሐበሻ ብቻ አይደለም። ለአሌክሳንድሪያ ቅርብ የሆነው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩበት ኤርፖርት በስሙ የተሰየመለት ሮናልድ ሬገን በ1981 አድማ የመቱ ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን ሲያባርር አብዛኛው አሜሪካዊ ደግፎታል። የፌዴራል ሠራተኛ አድማ በሕግ የተከለከለ ስለነበር ያ ስንብት ሕጋዊ መሠረት ነበረው፤ ለትርፍ ሰዓት ክፍያው ከጓደኞቹ ጋር የጠየቀው የፓርኪንግ ሠራተኛ ግን የጣሰው ሕግ የለም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ የማሰናበቻ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል።

ለሐዘን የሚደርሰው ዕድር ለዚህ ዓይነቱ ጉዳትም ሊደርስ ይችላል፤ አቤቱታው እስኪወሰን ድረስ የአባሉን የቤት ኪራይ የሚያግዝ አንድ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ቢጨመር፣ በኪራይ ጭንቀት ምክንያት ጉዳዩን ትቶ የሚሄደው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ አብሮት የነበረውም ለመመስከር ይደፍራል።