ምጣድ የማይጣድበት ምድጃ ለማን ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማነሳው ነገር አንዳንዶቻችሁን ሊያስቀይም ይችላል። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ ኤደን ፕሬሪ በጋ በመጣ ቁጥር ወደ አፍሪካ የሚሄዱ ተማሪዎችን ኤርፖርት አደርሳለሁ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ሀይዌይ 494 ላይ ስናወራ አንዳንዶቹ «ጭስ የሚቀንስ ምድጃ ለገጠር እናቶች ልናድል ነው» ይሉኛል። ለስንት ጊዜ? ለሁለት ሳምንት! አሁን ደግሞ የኛም ሰው «ልጆቻችንን እንዲህ ብንልክ» ማለት ጀምሯል።

ችግሩ እውነት ነው፤ አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እኛ እዚህ ጋራዥ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስንጋግር፣ እዚያ እናቶቻችን ዓይናቸው እያነባ እሳት እፍ ይላሉ።

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ከውጭ በሚመጣው ትንሽ የብረት ምድጃ ላይ ምጣድ ይጣዳል? አይጣድም! የገጠሩን ቤት ማገዶ የሚጨርሰው ደግሞ እንጀራ ነው። እንጀራው በሦስት ጉልቻ ከቀጠለ ጭሱ የት ሄደ?

መፍትሔው እኮ አገር ቤት ከተገኘ ቆይቷል። ምርት ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ይሠራል፤ ምጣዱን ዙሪያውን ይይዛል፤ ከኋላ በሚወጣው ሙቀት ድስት ይጣድበታል። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከሸክላ የሚሠራው ጎንዚዬም አለ። እነዚህን ሠርተው የሚሸጡ፣ በዚያ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች አሉ። እኛ በነጻ ስናድል የነሱን ገበያ እንዘጋለን።

«ቢሰጥ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። በህንድ ኋላ ኖቤል ያገኘችው ኢስተር ዱፍሎና ባልደረቦቿ የተሻሻለ ምድጃ የተሰጣቸውን ቤተሰቦች እስከ አራት ዓመት ተከታትለው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶቹ የሚስቡት ጭስ ቀነሰ። ከዚያ ምድጃው ተሰባበረ፤ የሚጠግነው ጠፋ፤ ጥቅሙም አብሮ ጠፋ። በማላዊም ከ10,000 በላይ ሕፃናት በተካተቱበት ጥናት፣ ምድጃ መታደሉ የሳንባ ምችን አልቀነሰም። ምድጃ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ጭስ ማውጫ፣ ደረቅ እንጨት፣ ጠጋኝና ተመልሶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የአንድ ልጅ የአውሮፕላን ትኬት ስንት ምርት ምድጃ እንደሚገዛ አስሉት። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክረምት ላይ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ቋንቋውን ያውቃል፤ በዓመቱም ተመልሶ «ምድጃው እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሱ የትራንስፖርት፣ ለሠሪዎቹ የሲሚንቶና የሞልድ መግዣ እናዋጣ። የኛ ልጆች መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ ግን ሊማሩ እንጂ ሊያድሉ አይሁን።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ አለሁ። በፊት ግን አገር ቤት ደውላችሁ እናታችሁን ጠይቁ፦ «እማዬ፣ ምጣድ የማይጣድበት ምድጃ ብልክልሽ ምን ያደርግልሻል?»

ቸር ያሰማን።