በምን አወቅህ?

“ብሮ፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል።”

ልጁ ይህን ያለኝ ኮምፒውተሬን ከተቀበለኝ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው። የጎኗን ክዳን አነሳ፣ ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ተጫነ፣ ፋኖቹ እየዞሩ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሲቀር አየ። አለቀ። ቀጥሎ ሒሳቡ መጣ። የእኔ ዓይነት ቦርድ አሁን አይገባም፤ ስለዚህ አዲስ ቦርድ። ለአዲሱ ቦርድ አዲስ ፕሮሰሰር። የድሮው ራም አዲሱ ላይ ስለማይሰካ አዲስ ራም። ድምሩ የሦስት ወር የቤት ኪራዬ ነበር።

ኮምፒውተሯን ከአራት ዓመት በፊት ዕቃ በዕቃ እያጠራቀምኩ የገጣጠምኳት እኔው ነኝ። ግራፊክስ ካርዷ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ነው የገባው። ለጌም ብዬ ልሥራት እንጂ እንጀራዬም እሷው ላይ ነው፤ ቀን ቪዲዮ እቆርጥባታለሁ፣ ማታ ኳስ እጫወትባታለሁ። እንደኔ ቋሚ ቀጣሪ ለሌለው ጋዜጠኛ ኮምፒውተሩ ሲሞት ሌላ የሚሰጠው ቢሮ የለም። ያን ሳምንት ደግሞ ያላስረከብኩት ቪዲዮ ነበረኝ፤ ቀሪ ክፍያዬም ከእሱ ጋር ታስሯል።

“በምን አወቅህ?” አልኩት።

“ልምድ ነዋ!”

ኮምፒውተሬን ታቅፌ ወጣሁ።

ማዘርቦርድን መክሰስ ቀላል ነው። ሁሉም ዕቃ የሚሰካው እሱ ላይ ስለሆነ የሁሉም ሕመም በእሱ በኩል ይታያል። ፓወር ሰፕላይ ሲደክም ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ራም ሲበላሽ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ኬዙ ውስጥ ያላግባብ የገባች አንዲት ብሎን ጭራሽ እንዳይነሳ ታደርገዋለች። ከውጭ ለሚያይ ሁሉም “ማዘርቦርድ” ይመስላል። ስለዚህ የቦርዱ ጥፋት የሚረጋገጠው ሌሎቹ አንድ በአንድ ነጻ ሲወጡ ነው። የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን ሲገባው እኛ ጋ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የገዙ ብዙ ጌመሮች ጌም ሲከፍቱ “የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም” የሚል መልእክት እየመጣ ይዘጋባቸው ነበር። መልእክቱን የሚያነብ ሰው ግራፊክስ ካርዱን ይጠረጥራል። የማዘርቦርድ አምራቾችም በሴቲንጋቸው ተወቀሱ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ኢንቴል ራሱ ጉዳዩን አመነ፦ በማይክሮኮድ ስህተት ምክንያት ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ ነበር። በኋላም ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የታመመው ዕቃ ሌላ።

ወደ እኔዋ ልመለስ። ገርጂ የሚኖር አብሮ አደጌ ኤኤም 4 የሚባለው ሶኬት ያለው፣ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኮምፒውተር አለው። ቅዳሜ ከሰዓት የእሱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀመርን።

መጀመሪያ በነጻ የሚሞከረውን ሞከርን። ማከፋፈያውን ትተን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካን። ገመዶቹን ነቅለን መልሰን ሰካን። አቧራውን ጠረግን። ሳንቲም የምታክለውን የቦርዱን ባትሪ አውጥተን በአዲስ ተካን፤ የባዮሱን ሴቲንግም ወደነበረበት መለስን። ለውጥ የለም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ። ብዙ ሰው የሚያውቃት ዘዴ አለች፤ ፓወር ሰፕላዩን ከቦርዱ ነጥሎ፣ ባለ 24 ፒኑ ትልቅ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ማገናኘት። ፋኑ ከዞረ “ደህና ነው” ይባላል። ይህ ግን መነሳቱን እንጂ ሸክም መቻሉን አያሳይም። ባለ 12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት፤ መለካት ያለበትም ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው። የእኔዋ አልነሳ ስላለች የጓደኛዬን ፓወር ሰፕላይ ከነገመዶቹ ተዋስን። ከነገመዶቹ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ለሌላው መጠቀም ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሰካነው፤ ያው ጨለማ። ቢያንስ የዚያን ቀን ጨለማ የእኔ ፓወር ሰፕላይ ያመጣው አልነበረም።

ከዚያ ቦርዱን ከኬዙ አውጥተን ካርቶን ላይ አስቀመጥነው፤ ከብረት ጋር የሚነካካ ነገር ካለ ይለይ ብለን። ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ ግራፊክስ ካርዱንና አንድ ራም ብቻ ተውን። አሁንም ያው። ቦርዱ ላይ “ዲራም” የሚል የተጻፈባት ትንሽ መብራት በርታ ቀረች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መብራቷ የምትነግራችሁ ኮምፒውተሩ የት ደርሶ እንደቆመ ነው። ራሙን ሲፈትሽ ቆሟል። ያቆመው ራሙ ራሱ ነው? የተሰካበት ቦታ ነው? ወይስ ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል? ያ ክፍል ደግሞ ዛሬ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ሦስት ተጠርጣሪ።

ወረቀት አወጣን። ሁለት ራም፣ አራት መሰኪያ፣ ስምንት ሙከራ፤ እያንዳንዱ ራም በእያንዳንዱ መሰኪያ ብቻውን። በየሙከራው ማጥፋት፣ ከግድግዳ መንቀል፣ መቀየር፣ ማብራት፣ መጠበቅ፣ መጻፍ። ስምንቱ መስመር ሲሞላ ነገሩ ታየ፦ ሁለቱም ራሞች ለፕሮሰሰሩ በሚቀርቡት ሁለት መሰኪያዎች አይነሱም፤ በራቁት ሁለቱ ይነሳሉ። ችግሩ ራሙን ተከትሎ አልሄደም፤ መሰኪያው ጋ ቀረ። ሌሊቱን ሜምቴስት የሚባለውን ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስተን አሳደርነው። ጠዋት አንድም ስህተት የለም። ራሞቹ ነጻ።

እሁድ ፕሮሰሰሬን አወጣን። ከሥሩ ያሉት ፒኖች አለመጣመማቸውን በስልክ መብራት አየን፤ የጓደኛዬ ቦርድ ላይ ሰካነው። አራቱም መሰኪያ ሠራ። ፕሮሰሰሩም ነጻ።

የቀረው አንድ ነው። ማዘርቦርዱ።

አዎ፣ ልጁ ትክክል ነበር!

ግን ልዩነቱን እዩት። “ሞቷል” የተባለው ቦርድ ግማሹ ደህና ነው። ሁለቱን ራሞች በሚሠሩት መሰኪያዎች ላይ ሰካኋቸው። ራሞቹ በአንድ መስመር ስለሚያልፉ ፍጥነቷ ቀንሷል፤ ኳሱም እንደ ድሮው አይፈስም። ቪዲዮውን ግን ሁለት ቀን ዘግይቼም ቢሆን አስረከብኩባት። ይህንንም የምጽፍላችሁ በእሷው ነው። ፕሮሰሰሬና ራሞቼ ጤነኛ መሆናቸውን ስላወቅኩ፣ ስትደክም የምገዛው አንድ ሁለተኛ እጅ ቦርድ ብቻ ነው። የሦስት ወር ኪራይ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር የተቀመጠው።

ወረቀቱን ይዤ ልጁ ጋ ተመለስኩ። ለመፎከር ነበር፤ አልዋሽም። በጥሞና አነበበው። ገብቶታል፤ እያንዳንዱን ሙከራ ያውቀዋል። ከዚያ ጠየቀኝ፦ “ይኼ ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ?”

“ሁለት ቀን።”

“ለሁለቱ ቀን ማን ይከፍለኛል?”

መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ቀን ሱቁ ስገባ ከሰላምታ ቀጥሎ ያልኩት ትዝ አለኝ፦ “ማየቱ በነጻ ነው አይደል?”

ነገሩ ይኸው ነው። ምርመራው በነጻ ከሆነ ባለሙያው የሚበላው ዕቃ ሲሸጥ ብቻ ነው። ዕቃ ሲሸጥ ብቻ የሚበላ ሰው ደግሞ ፍርዱ ወደ ዕቃው ያዘነብላል፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን የሱቅ ኪራይ ስላለበት። ሐኪም ቤት ስንሄድ ለካርድ እንከፍላለን፣ ለላብራቶሪ እንከፍላለን፤ “ምንም የለብህም” ቢሉን እንኳ ገንዘባችንን መልሱ አንልም። ኮምፒውተር ቤት ስንሆን ግን ሁለት ሰዓት መርምሮ “ገመዱ ላልቶ ነው” ላለን ሰው መቶ ብር መስጠት ያንገበግበናል። “ገመድ ለመሰካት ነው?” እንላለን። የከፈልነው ገመዱ መሆኑን ላወቀበት መሆኑን እንረሳለን።

“ለምርመራ ከፈልን ካልን ዝም ብለው ያስከፍሉናል” የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ክፍያው በወረቀት ይሁን። ምን ተፈተሸ? በምን ተቀይሮ ተሞከረ? ምን ነጻ ወጣ? ጥገናው እዚያው ከተሠራ የምርመራው ሒሳብ ይታሰብለት። ወረቀቱን የማይሰጥ ሱቅ ዕቃ ሻጭ መሆኑን እናውቃለን፤ ዕቃ ስንፈልግ እንሄድበታለን።

እኔ ራሴ ከልጁ አልሻልም። ሥራዬን የምሸጠው በጽሑፍ ቁጥር ነው። አምስት ሰው ጋ ደውዬ ያጣራሁትም፣ በአንድ ሰው ወሬ የጻፍኩትም የሚከፈለኝ እኩል ነው። እንቅልፍና ኪራይ ሲጣደፉብኝ “ምንጮች እንደገለጹት” ብዬ ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ። አንዳንዶቹ በኋላ ትክክል ሆነው ተገኝተዋል፤ ልክ እንደ ልጁ ማዘርቦርድ። አንባቢ ግን “በምን አወቅህ?” ቢለኝ ኖሮ የማወጣው ወረቀት አልነበረኝም።

ሳይፈትሹ ትክክል መሆን የሚያስተምረው ክፉ ነገር አለ፦ በሚቀጥለውም አለመፈተሽን። የሚቀጥለው ደንበኛ የተበላሸበት ፓወር ሰፕላዩ ከሆነስ? አዲሱን ቦርድ ገዝቶ እሱኑ ያቃጥልበታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሱቅ ስገባ “መርምረህ በወረቀት ለመስጠት ስንት ታስከፍለኛለህ?” ብዬ እጀምራለሁ።

እስከዚያው ሁለተኛ እጅ የኤኤም 4 ቦርድ የምትሸጡ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። “ይሠራል” ብቻ ግን አትበሉኝ። በምን እንዳወቃችሁ አብራችሁ ንገሩኝ።